በሩ አጠገብ ምን ትሠራለች?

የልብስ ሰፊው እግር አያርፍም። የሚሰፋ ጨርቅ ባይኖርም የስፌት መኪናውን ይረግጣል። የእግር ኳስ ቡድኑ ደጋፊዎች ማልያ ይዘውለት ይመጣሉ፤ እሱም ጀርባው ላይ ዘጠኝ ቁጥር ይሰፋላቸዋል። ሌላ ቁጥር የሚፈልግ ሰው ከመጣ፣ ሜትሩ ጠፍቶብኛል ብሎ ይመልሰዋል። ዘጠኝ ቁጥር የሚለብሰውን የቡድኑን አጥቂም በስሙ አይጠራውም፤ «ዘጠኙ» ነው የሚለው።

ዘጠኙ ተከላካይ በክርኑ ሲመታ፣ አፉን ወደ ክርኑ ያመጣው ተከላካዩ ነው ይላል። ልምምድ ሲቀር፣ በሬም ያርፋል ይላል። ዳኛ ላይ የተፋ ዕለት ደግሞ፣ ንፋስ ነበር አለ። ደንበኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ሰኞ ረፋድ ሬዲዮው አንድ ወሬ አመጣ። ቅዳሜ ቡድኑ ከተሸነፈ በኋላ፣ ዘጠኙ ባረፈበት ሆቴል የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ እጅ ላይ በር ዘግቶ ጣቶቿን ሰብሯል። የሆቴሉም የሴትየዋም ስም አልተጠራም። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ልብስ ሰፊው የሚለውን ጠበቁ።

መቀሱን ሳያስቀምጥ፣ «በሩ አጠገብ ምን ትሠራለች?» አለ። «ፎቶ ፈልጋ ነው እንጂ።»

ሳቁ እስከ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቱ መጣች። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለት ቀን ጉዳቷን የደበቀችው እሱን ፈርታ ነበር። የሆቴሉ ኃላፊ ነገሩን ተይው ብሏታል፤ እሷ ግን መክሰስ ፈልጋለች፤ ፖሊስ ጣቢያ ብቻዋን መግባት ከበዳት እንጂ።

እሱ አስቀድሞ የጠየቃት ስለ ጣቶቿ አልነበረም።

«ምን ብለሽው ነው?»

«ፎጣ ነበር የያዝኩት፣ ጋሼ። አምጡልኝ ብሎ የደወለው ራሱ ነው።» ፋሻውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ጠዋት ያልከውንም ፀጉር አስተካካዩ አሁን በር ላይ ነገረኝ። እኔ መሆኔን መች አወቀ፣ ሊያስቀኝ ብሎ ነው።»

የልብስ ሰፊው እግር ብቻ መርገጡን ቀጠለ፤ መርፌው አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ ማልያውን በሳው። እህቱ ጥቂት ጠብቃ ወጣች።

ወዲያው አንድ ደንበኛ ማልያውን ሊወስድ ገባ። ገና ሳይቀመጥ፣ ያቺ ፎቶ ፈላጊ ይሄኔ ልትከስም ታስብ ይሆናል፣ በሩ አጠገብ ምን ትሠራለች ብሎ እንደ ራሱ ቀልድ አወራለት። ልብስ ሰፊው ያልተጨረሰውን ማልያ እጁ ላይ ጣለለትና ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጠ። ሱቁን መዝጋቱንም አላስታወሰም።

ጣቢያው በር ላይ ደረሰባት። አላናገረችውም፤ ግን ተከትሏት ሲገባ አልከለከለችውም።

መርማሪው ቃሏን እየጻፈ የዘጠኙ ስም ላይ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ። ቀና ብሎ አያትና፣ «ለመሆኑ በሩ አጠገብ ምን ትሠሪ ነበር?» አላት።

እህቱ አንገቷን ደፋች። ከወንበሩ ስር አየሩን ሲረግጥ የቆየው የልብስ ሰፊው እግር ቀጥ አለ።

«ሥራዋን» አለ። «እኔም ጠዋት እንደ እርስዎ ጠይቄያለሁ። እሱንም ይጻፉት።»

መርማሪው ብዕሩን በጣቶቹ መሃል አንከባለለ እንጂ አልጻፈም። ልብስ ሰፊውም እስኪጽፈው እየጠበቀ ዓይኑን ከወረቀቱ አልነቀለም። እግሩ እንደገና መርገጥ ጀመረ።