አባቷን በቁማቸው የቀበረችው ተከራይ

የብርጓል አሁን የሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ናት። በግቢያችን አንድ ሰው ራሱን ካመመው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ወደዚህ ግቢ የመጣችበትን ቅዳሜ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አሳምሬ እንደማልጽፈው ባውቅም ከሚረሳ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ የመጣችው ከአባቷ ከአቶ አዘዘ ጋር በመርከብ ነበር። የከተማው የነርስ ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ማደሪያ ግን አይሰጥም። አቶ አዘዘ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ንግግር አያበዙም። ወደቡ ላይ እንዲህ አሏት፦

«እኔ እዚሁ ከመርከበኞቹ ዘንድ አድራለሁ። እስከ እሁድ ጧት ቤት ካገኘሽ ተማሪ። ካላገኘሽ አብረን እንመለሳለን። ሴት ልጄን ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም።»

ቤት የሚያሳያት ግሩም የሚባል የግሽ አባይ ሰፈር ደላላ ነበር። እግሩ ፈጣን ነው፤ ምላሱ ከእግሩ ይቀድማል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ የወሰዳት ቤት ባለቤቷ በር ላይ ቆመው «ዘመድ አለሽ?» ብለው ጠየቋት። የብርጓል ደስ ብሏት አባቷን፣ አጎቶቿን፣ ለገበያ የምትመጣ አክስቷን ዘረዘረችላቸው። ሴትዮዋ እጃቸውን አወናጨፉ።

«የበፊቷ ተከራይም እንዲሁ ነበረች። ውኃ እንደ ፀበል በሚጠበቅበት ሰፈር፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እግሩን የሚታጠብ ዘመድ! በርሜሌን አድርቀውብኝ ነው የሄዱት።»

ግሩም መንገድ ላይ ተቆጣት። «አንቺ ቤት ነው የምትከራዪው ወይስ ድግስ የምትጠሪው? ከእንግዲህ ማንም የለኝም በይ።»

ቅዳሜ ጧት በሌላ በር ላይ እንደተመከረችው አለች። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ማንም ከሌለሽ ብትታመሚ ለማን ልደውል? ለዚህ ደላላ?» በሩ ተዘጋ።

«ዘመድ አለኝ ስል ያባርሩኛል፤ የለኝም ስልም ያባርሩኛል። ምን ልበል ታዲያ?» አለች የብርጓል፣ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ።

«እናት አባቴ ሞተውብኛል በያ! በወላጅ አልባ ላይ ማን ይጨክናል?»

«እናቴ እውነት ሞታለች። አባቴ ግን…»

«እሳቸውን ለአንድ ከሰዓት ብቻ ግደያቸው። ማታ ይነሣሉ።»

ይህን ተማክረው ወደ እኛ ግቢ መጡ። አከራያችን እማማ ሙሉነሽ የመሪጌታ ሚስት ነበሩ። መሪጌታ ካረፉ ወዲህ መጻሕፍታቸውን ያኖሩባት የነበረችውን ክፍል ለማንም አላከራዩም፤ ግሩም ስንት ጊዜ ተመላልሶባታል። በማግሥቱ የመሪጌታ ሙት ዓመት ስለነበረ እማማ በረንዳው ላይ ስንዴ ይለቅሙ ነበር። እኔ ቧንቧው ሥር ልብሴን አጥብ ነበር።

«ወላጆችሽ የት አሉ ልጄ?» አሏት።

መሬት መሬት እያየች «ሞተዋል» አለች።

እማማ ሰፌዱን አስቀመጡ። «ሁለቱም? በዚህ ዕድሜሽ!» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ግሩም ከኋላዋ ቆሞ ደረቱን ነፍቷል።

«ነገ ቀሳውስቱ ለመሪጌታ ሲጸልዩ ያንቺንም ሙታን ስም አብሬ አስጠራልሻለሁ። የክርስትና ስማቸውን ንገሪኝ። እናትሽ ማን ነበሩ?»

«ወለተ ጊዮርጊስ።» እውነት ስለሆነ ቶሎ ወጣላት።

«ነፍስ ይማር። አባትሽስ?»

የብርጓል ወደ ግሩም ዞረች። ቧንቧውን ዘጋሁት። ግሩም «አንዱን ስም በያ!» ብሎ ሹክ ሲላት እኔ ጋ ድረስ ተሰማ።

«እማማ፣ አያስጠሩብኝ!» አለች በድንገት። «አባቴ አልሞተም። ወደብ ላይ ነው ያለው። ነገ ጧት ሐይቁን ይሻገራል፤ ስሙ ከሙታን ጋር ተጠርቶ እንዴት ብሎ…»

እማማ ነጠላቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። «ታዲያ እኔ የማለቅሰው በቁሙ ላለ ሰው ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

ዞር ሲሉ ግሩም በሩ አጠገብ ደርሷል። «ና ወዲህ አንተ! በመሪጌታ ሙት ዓመት ዋዜማ የሐሰት ሬሳ ይዘህብኝ ትመጣለህ?»

«እማማ፣ እኔ ቤት ነው የማሳየው፤ ሬሳውስ የእሷ ነው!»

ሳላስበው ሳቅሁ። እማማም አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የብርጓል ግን አልሳቀችም። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ አመራች።

«ወዴት ነው?»

«ወደ አባቴ። አብሬው ልመለስ።»

እማማ አንድ ጊዜ የተዘጋውን ክፍል፣ አንድ ጊዜ ልጅቷን አዩ።

«ዋሽተሻል፤ ለሱ ንስሐ አባትሽ ይቅጡሽ። ግን ስሙን ብትሰጪኝ ክፍሉ ያንቺ እንደነበር እያወቅሽ አልሰጠሽኝም። በይ፣ የሞቱትን አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ፤ በዓይኔ ልያቸው።»

አመሻሽ ላይ አቶ አዘዘ አንድ ቁና ሽምብራ ተሸክመው መጡ። ልጃቸው በመንገድ ነግራቸው ኖሮ ፊታቸው ተቆጥቶም ስቆም ነበር።

«እርስዎ ነዎት ሟቹ?» አሏቸው እማማ።

«ወደቡ ላይ ደኅና ነበርሁ፤ ከተማ ስገባ ነው መሞቴን የሰማሁት።»

እማማ ራሳቸው ከበርሜሉ ውኃ ቀድተው ለእግራቸው አቀረቡላቸው። ከዚያ የክፍሉን ቁልፍ ከአንገታቸው ክር ፈትተው ለየብርጓል ሰጧት።

እሁድ ጧት ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ወለተ ጊዮርጊስ ከመሪጌታ ጎን ተጠራች። እማማ ወደ ቄሱ ጠጋ ብለው «ገብረ መስቀል የሚባሉ ደግሞ አሉ» ሲሉ የብርጓል የአባቷን የክርስትና ስም ሰምታ ነጠላዋን ጨብጣ ቀረች። «እሳቸውን በውኃ ላይ ለሚሄዱት በሚጸለየው ይጥሩልኝ።» ያን ሰዓት አባቷን የያዘው መርከብ ወደቡን ለቅቆ ነበር።

ስንመለስ ከግቢው ቧንቧ ውኃ መጥቶ ይፈስ ነበር። የብርጓል ገና ክፍሏን ሳትጠርግ እማማ ባልዲ አስያዟት።

«ውኃዋ ሳትሄድ በርሜሉን ሙዪ። አባትሽ በመጡ ጊዜ እግራቸውን የሚታጠቡበት አይጡ።»