ዛሬ ያረፉ

ከዱራሜ ወደ አንጋጫ የወጣንበት ቀን የመጨረሻው ደህና ቀን ነበር። ያን ጊዜ ግን ደህና አልመሰለኝም። ጭኔ ተቃጥሏል፣ የብስክሌቱ ኮርቻ ልጦኛል፣ የጉዞ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ በመኪና መስኮት አንገቱን አውጥቶ ዳገቱ አልቋል እያለ ያበረታታናል። ዳገቱ አላለቀም። እሱ ዳገት የሚያውቀው በሞተር ድምፅ ነው።

ጉዞው የስድስት ቀን ነበር። ሃያ ሁለት ሆነን በብስክሌት ከሆሳዕና ተነሳን። ሞርሲቶ ሄደን ተመለስን፣ ወደ ከምባታ ተሻግረን ዳምቦያ አደርን፣ ከዚያ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ቁልቁል አዲሎ፣ ከአዲሎ እንደገና ሽቅብ ወደ ዱራሜ፣ ከዚያም አንጋጫ። መንገዱን ያወጡት ሰባት የኮሚቴ አባላት ናቸው። ከሰባቱ ብስክሌት የሚነዳ አንድም አልነበረም። ባነሩ ላይ «ለጤናችን እንንዳ» ተብሎ ተጽፏል። «እንንዳ» ይሻላል ወይስ «እንጋልብ» በሚለው ላይ ሁለት ከሰዓት ተከራክረዋል። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንም ነበረን። አንዱ ተሳታፊ ክርኑ ተልጦ ስንከፍተው አንድ ጥቅል ፋሻ፣ ግማሽ ጠርሙስ አልኮልና የሰብሳቢው ክራቫት ተገኘ። ክራቫቱ በየከተማው ለሚደረገው አቀባበል ነው።

ዳምቦያ የገባነው በገበያ ቀን ነው። ሰብሳቢው ስለ ጤና ንግግር ሲያደርግ አንድ ሽማግሌ ብስክሌቴን ዞር ዞር ብለው አይተው ስንት እንደሆነ ጠየቁኝ። አይሸጥም አልኳቸው። ታዲያ ምን ልታደርጉ ገበያ አወጣችሁት አሉኝ።  

አንድ ደንብ ነበረን። የደከመው ሰው ወርዶ፣ ብስክሌቱን ጭኖ፣ ከኋላ የሚከተለው አይሱዙ ላይ ይወጣል። አይሱዙው ከተማችን ውስጥ ሱቅ ያላቸው አንድ የጉራጌ አባት ያዋሱን ነው። የሚነዱትም ራሳቸው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን፤ ሰብሳቢው ከጎናቸው ይቀመጣል። ሰብሳቢው ይህን ደንብ በቃለ ጉባኤ ሲያስይዝ «ደከመ» የሚለው ቃል የተሳታፊውን ሞራል ይነካል ብሎ በ«አረፈ» አስቀየረው። በየቀኑ ማረፊያችን እንደደረስን ደብተሩን ይገልጥና «ዛሬ ያረፉ» ብሎ ስም ይጠራል።

አማርኛ ለአብዛኞቻችን ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ቤታችን የምንናገረው ሀዲይኛ ነው። ቢሆንም «አረፈ» በጨዋ አማርኛ ሞተ ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፣ ከሰብሳቢው በቀር። ወይም እሱም ያውቃል፣ ግን አንዴ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የገባን ቃል ለማውጣት ሌላ ስብሰባ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቀን የአንዱ ስም ሲጠራ ከኋላ አንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ያጽናን» አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ስም በተጠራ ቁጥር ሁላችንም ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው አቀርቅረን «እግዚአብሔር ያጽናን» እንላለን። ያረፈው ሰው ተነስቶ ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ ይላል። እኔ በአምስት ቀን አራቴ አረፍኩ። ጋሼ ቦታዬን ለምደውት ነበር። ፍሬን ሲይዙልኝ ወንበርህን ማንም አልነካብህም ይሉኛል።

ወንድሜ አንድም ቀን አላረፈም። ዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። የስፖርት መምህር ነው። ነበር። ይህን ማስተካከል ገና አልለመድኩም። ከመነሳታችን በፊት ክፍል ውስጥ ፎክሯል፤ መኪናው ላይ ተቀምጬ ፎቶ ያነሳኝ ተማሪ የሴሚስተሩን ማርክ ሙሉ አገኘ በሉት ብሏል። ዋዛ አልነበረም። በየመንገዱ ዘመድ ያለው ተማሪ ሁሉ ዘመዱን ስልክ አስይዞ አቁሞ ነበር። አዲሎ ላይ የመናኸሪያው ደላሎች ሳይቀሩ መምህሩ የትኛው ነው እያሉ ይጠይቁ ነበር። ወንድሜ እጁን እያውለበለበ ያልፋቸዋል።

አንጋጫ የደረስነው አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ማደሪያችን አንድ ትምህርት ቤት ነበር። በረንዳው ላይ ወንድሜ የኋላ ጎማዬን እየነፋልኝ ነበር። እኔ ጎማ አልነፋም፤ እሱ እያለ ለምን እነፋለሁ። መሃል ላይ ፓምፑን ተወውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ወንድሜ የጀመረውን ነገር መሃል ላይ አይተውም። እዚያ ላይ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ከዱራሜ ከወጣን ጀምሮ ደረቱን ቀበቶ የታሰረበት ያህል እንደሚጨምቀው ነገረኝ። ግራ ክንዱም እንደ ሌላ ሰው ክንድ ሆኖበታል። ቀስ ብሎ ነው የተናገረው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ።

«ነገ አይሱዙው ላይ ልውጣ እንዴ?» አለኝ።

እኔን ነው የጠየቀው። እሱ እኔን ያዝዘኛል እንጂ አይጠይቀኝም። እዚያም ላይ ልብ ማለት ነበረብኝ። ግን አራቴ ያረፍኩ ሰው ነኝ። አምስት ቀን ሙሉ ሲስቅብኝ የከረመ ወንድሜ እጄ ላይ ወድቋል። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ደስ አለኝ።

«ውጣ» አልኩት። «ስምህ ሲጠራ ደረት የምመታው እኔ ነኝ። ተማሪዎችህም ማርካቸውን ይዘው ለቅሶ ይደርሳሉ።»

ሳቀ። ሲስቅ እጁ ደረቱ ላይ ነበር።

«እግርህ እንደ ምላስህ ቢሆን አንደኛ ትወጣ ነበር» አለኝ። ፓምፑን ሳብ አደረገና፣ «በል ተወው። ለአባባም እንዳትነግረው፣ በከንቱ ይጨነቃል።»

ተነስቶ ጎማዬን ነፍቶ ጨረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ለሰብሳቢው ስልክ ተደወለለት። ሆሳዕና ላይ የሚቀበሉን እንግዶች ቀደም ብለው ይመጣሉ፤ ወንበር ግን ገና አልተጓጓዘም፣ ባነሩም አልተሰቀለም። ሰብሳቢው አይሱዙው ወደፊት ቀድሞ ሄዶ ወንበር እንዲያመላልስ ወሰነ። ጋሼ ቅር አላቸው። ሰው ቢያርፍ ማን ያነሳዋል ብለው ጠየቁ።

«የመጨረሻ ቀን ነው» አለ ሰብሳቢው። «ዛሬ የሚያርፍ የለም።»

ባነር የሚሰቅል ሰው ሲፈለግ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ከሆነ እንዳረፈ አይቆጠርብኝም፤ ለሥራ የተመደበ ነው የምባለው። መንገድ ላይ ሁሉንም አልፈናቸው ሄድን። ወንድሜን ስናልፈው አጎንብሶ ነበር። ቀና አላለም። ማርሽ እየቀየረ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስልኬ ሲጠራ ሆሳዕና መግቢያ ላይ መሰላል ላይ ቆሜ የባነሩን አንድ ጫፍ አስሬ ሌላውን ይዤ ነበር። የደወለው ከወንድሜ ጋር የሚያስተምርና አብሮን የሚነዳ ጓደኛው ነው። የት እንዳለሁ ጠየቀኝ። መሰላል ላይ ነኝ አልኩት። ውረድ አለኝ። ከወረድኩ ባነሩ ይወድቃል አልኩት።

«ወንድምህ አርፏል» አለኝ።

መሰላሉ እስኪነቃነቅ ሳቅኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናን» አልኩት። «በመጨረሻው ቀን! ፎቶ አንስተኸዋል?»

 እኔ ገና እየሳቅኩ ነው። ከዚያ በሀዲይኛ ነገረኝ። በሀዲይኛ ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ ነው ያለው።

ከመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ዳገት ላይ ከብስክሌቱ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀምጦ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ጓደኛው ከኋላ ደርሶበት ባጃጅ ለምኖ አሳፈረው። ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ ሆነ። ጋሼ ወንበሩን ለማራገፍ እንኳ አልቆሙም፤ ከነወንበሩ ዞረው ሄደው ወንድሜን ይዘው መጡ። ከማንም በፊት በመኪና ሆሳዕና ገባ። ፎቶ ያነሳው ሰው አልነበረም። ሰብሳቢውም ያን ቀን ደብተሩን አልገለጠም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የተደረደሩት ወንበሮች ለአቀባበሉ የመጡት ናቸው፤ የሚወስዳቸው ሰው ስላልነበረ ከአይሱዙው በቀጥታ እኛ ግቢ ወረዱ። ሰብሳቢው ክራቫቱን አስሮ መጣ። ተነስቶ ሲናገር ወንድሜ ጉዞውን በድል አጠናቋል አለ። ቀጥሎ አጠገቤ ተቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ የጉዞው ሰርተፍኬት ላይ «አጠናቋል» ተብሎ ይጻፍ ወይስ «ተሳትፏል» የሚለው ኮሚቴውን እንዳከራከረው ነገረኝ፤ የቤተሰቡንም ሐሳብ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑ አብጦ ነበር። ሰው ሲያዝን የሚያውቀውን ሥራ ይሠራል፤ እሱ የሚያውቀው ይህን ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ይዘምራሉ። የሚገባው ሁሉ አባቴን ጎንበስ ብሎ ይጨብጣል። አባቴም ለሁሉም አንድ ነገር ይላል፤ ልጄ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብሎ አያውቅም፣ ጤነኛ ነበር፣ ጌታ በድንገት ወሰደው ይላል። ይህን ሲል ጀርባው ቀና ይላል። የያዘው ምርኩዝ ያ ነበር። ሲጨርስ ወደ እኔ ያያል፤ አብሮት የነበርኩት እኔ ነኝና። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ። ስንቴ እንደነቀነቅኩ አላውቅም። አንገቴ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጋሼ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው አባቴ እግር ሥር ሊንበረከኩ ሲሉ ሰዎች ያዟቸው። እያለቀሱ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «መኪናውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከኋላው ብሆን አነሳው ነበር። ባለ ሱቅ ሰው ነኝ፣ ለወንበር ብዬ ሰው ጥዬ ሄድኩ።»

አባቴ እጃቸውን ይዞ አጠገቡ አስቀመጣቸው። ምን አጠፉ አላቸው። ማንም አላወቀም አላቸው። ለራሱ ለልጄም አልታወቀውም፣ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ ብሎ አያውቅም አላቸው። ወደ እኔ አየ።

መነቅነቅ አቃተኝ።

ተነስቼ ሄጄ ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሼም እንዲሰሙ በአማርኛ ነው የተናገርኩት።

«አባባ፣ ለእኔ ነግሮኝ ነበር» አልኩ። «ከትናንት ወዲያ አንጋጫ ላይ። ደረቱን እንደሚጨምቀው ነገረኝ። መኪናው ላይ ልውጣ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሳቅኩበት።»

በአጠገባችን የተቀመጡት መዘመራቸውን አቆሙ። ራቅ ያሉት አልሰሙም፣ መዝሙሩ ቀጠለ። ጋሼ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዞሩታል። አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። የሚመታኝ መሰለኝ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጀርባው ቀስ እያለ ጎበጠ። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ።

«ፈርቶ ነበር?» አለኝ።

«አይ» አልኩ። «ይስቅ ነበር።»

አባቴ ጠበቀኝ።

«ትንሽ ፈርቶ ነበር» አልኩት።