ለባጃጅ ነጂው ዋስ ልሆን ሄጄ

ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ "ዋስ ሁንልኝ" ብለውኝ ቡራዩ ወዳለው የታዳጊ ጥፋተኞች ማቆያ አብረን ሄድን። የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው የሰው ባጃጅ አስነስቶ ሲነዳ ከተያዘ ሳምንቱ ነው። "ልጄን በረሃብ ጨረሱት!" እያሉ፣ ምሳ ዕቃቸውን ታቅፈው መንገዱን ሙሉ አለቀሱ። የታክሲው ሰው ሁሉ ለቅሶ የምንደርስ መስሎት አጽናናን።

ልጁ ፊቱ ሞልቶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ መጣ። "አባዬ፣ እንደምን ዋሉ?" ብሎ ጎንበስ አለ። ቤት እያለ እንኳን ሰላምታ ሊሰጥ፣ ሲጠሩት "አቤት" ብሎ አያውቅም።

"አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፤ ደብተሩንም ሳንነግረው ያነባል" አለች ተንከባካቢዋ።

ልፈርም ስል ኦቦ ቶሎሳ እጄን ያዙኝ።

"ቆይማ" አሉና ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። "ታናሹንም እንድትቀበሉኝ የማንን ባጃጅ ይንዳ?"