የድሬ መፈላለጊያ በሃምቡርግ

ስደተኛ ሁሉ ከቤቱ የወጣበትን ሌሊት ይተርካል። እኔ የወጣሁት በቀን ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ድሬዳዋን የምታውቁ ግን ይህ ሰዓት ከሌሊት እንደማይለይ ታውቃላችሁ። ከተማው ገሚሱ ተኝቷል፣ ገሚሱ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው፣ መንገዱ ላይ ያለችው ፀሐይ ብቻ ናት። እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ አልሄድም አለች። "እኔ እንደ ወትሮዬ ጋደም እላለሁ፤ ስነቃ ሄዳለች ይበሉኝ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዳልተኛች ትከሻዋ ያስታውቅ ነበር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ከመጋላው ቤታችን ስወጣ የሰፈራችን ባለ ባጃጅ ጉንጩን እንደወጠረ መጣና "አቦ ሀያት፣ በዚህ ሰዓት የሚንቀሳቀስ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተሰዷል፤ አንቺ የቱ ነሽ?" አለኝ። ሁለቱንም ነኝ አልኩት።

የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር ከታች ደረቁ አሸዋ ላይ ፍየሎች ጥላ ፈልገው ተኝተው ነበር። ለእናቴ ያላለቀስኩትን ለፍየሎቹ አለቀስኩ። ባለ ባጃጁ በመስታወት አይቶኝ መስታወቱን ወደ ሌላ አዞረው።

እውነቱን ለመናገር፣ የኔ ስደት ከሌሎች ጋር ሲተያይ ያሳፍረኛል። በእግሬ ወደ ጅቡቲ አልወረድኩም፣ ጀልባ ላይ አልወጣሁም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ እሠራ ነበር፤ በትርፍ ጊዜዬ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ፤ ሃምቡርግ ያለ አንድ ትንሽ ድርጅት በኢንተርኔት ፈትኖ ቀጠረኝ። ይኸው ነው። ግን ናፍቆት የመጣሽው በምንድነው ብሎ አይጠይቅም።

ናፍቆት ባይጠይቅም ቢሮው ይጠይቃል። የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ የቀድሞ አድራሻዬን መመዝገብ ጀመረች።

"የመንገዱ ስም?"

"ስም የለውም። መጋላ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ነው።"

"የቤት ቁጥርዎ?"

"ነበረው፤ ደቻቱ ወሰደው።"

"ደቻቱ ማን ነው?"

"ወንዝ ነው።"

"ውኃ ዳር ነበር የሚኖሩት?"

"ውኃ የለውም።"

ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። "ውኃ የሌለው ወንዝ የቤት ቁጥሬን ወሰደብኝ ብለዋል ብዬ ልጻፍ?"

"ክረምት ላይ ውኃው ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ አያንኳኳም።"

"አድራሻ፣ ያልታወቀ" ብላ ጻፈችና ማኅተሟን መታች። የሃያ ስምንት ዓመት ቤቴ እንዲህ ሆነ።

አከራዬ ፍራው ኢንገ ደግሞ የግቢውን ደንብ ግድግዳ ላይ ለጥፋ አስነበበችኝ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሩሄጻይት ነው፤ ድምፅ አይሰማም፣ ልብስ አይታጠብም። "ወላሂ፣ ይህን ሕግ አገሬም አውቀዋለሁ" አልኳት ደስ ብሎኝ። "አገርዎ እንዲህ ያለ ሕግ አለ?" አለችኝ። የለም፣ ሙቀት ነው ያለው አልኳት። አልሳቀችም። እሷ የምትስቀው በብርድ ወር መስኮቱን ስትከፍት እኔ ብርድ ልብስ ለብሼ ስታየኝ ነው። ምግቡንስ ተዉት። ማር የሚያንጠባጥበው የድሬ ሙሸበክ ያማረኝ ቀን ዳቦ ቤት ገብቼ ጣፋጭ ገዛሁ፤ ሲቀምሱት እንደ ፍራው ኢንገ ሥርዓቱን የጠበቀ ነው፣ አንድ ጠብታ ማር እጅ ላይ አይፈስም።

ሥራዬን ላስረዳችሁ። ሰውን የሚያናግሩ ማሽኖች ማውራት የሚማሩት ሰው ከጻፈው ነው። የኛ ድርጅት ያንን ጽሑፍ ከየድረ ገጹ በፕሮግራም እየሰበሰበ ያቀርባል። እነሱ ስክራፒንግ ይሉታል፤ እኔ ለቀማ ልበለው። የመጀመሪያው ስድስት ወር ፕሮቤጻይት ነው፤ የሙከራ ጊዜ። ካላለፍሽ ሥራ የለም፤ የመኖሪያ ወረቀቴም የታሰረው በሥራው ነው።

አምስተኛው ወር ላይ አለቃዬ ማርቲን በስብሰባ ተማረረ። ማሽኑ አማርኛን በመጽሐፉ ያውቃል፣ ሰው ቋንቋ ሲቀላቅል ግን ይደናገራል አለ። እኔ ደግሞ ናፍቆት ሲይዘኝ አፌ አያርፍም። "እኔ የመጣሁበት ከተማ ሰው በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ያስረዳል፣ በሶማልኛ ይቀልዳል፣ በዐረብኛ ይምላል፤ ያውም ሻሂው ሳይቀዘቅዝ" አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ኮራሁ። ማርቲን ግን "ይህ ተጽፎ የት ይገኛል?" አለ። የሚገኝበትን ደግሞ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ተስፋዬ የሚባሉ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ የባቡር ጡረተኛ አሉ። "አሉ" ያልኩት ለጽሑፉ ወግ ነው፤ ድሬ ሽማግሌውንም አንተ ነው የምንለው፣ ጋሼ ካልን አክብረናል። ጋሽ ተስፋዬ ትኬት ሲቆርጥ በኖረበት ዘመን የጠፋ ዘመዱን የሚፈልግ ሁሉ እሱ ዘንድ እየመጣ ያስመዘግብ ነበር፤ ማን ወዴት እንደሄደ ትኬት ቆራጭ ያውቃል ተብሎ። ጡረታ ሲወጣ ደብተሩን ይዞ እኔ ጋ መጣና የኢንተርኔት ገጽ ሠራሁለት፣ መፈላለጊያ አልነው፤ ሰው ሁሉ እንደሚያወራው ይጽፍበታል። የሚስጥር ቁልፍ ላድርግበት ስለው ተቆጣ። "አሮጊቶች ናቸው የሚጽፉት፤ ድሬ ላይ ደግሞ ግባ አትግባ የሚባለው ማን ነው?" አለኝ። ተውኩት። ለቃሚ ማሽኖች እንዳይገቡ የምትነግር ትንሽ ፋይል አለች፣ ገጽ የሚሠራ ሰው ደጃፍ ላይ የሚያኖራት፤ እሷንም አላስቀመጥኩም።

እና የለቀማውን ፕሮግራም ጽፌ ለቀቅኩት። ለማርቲን ቶሎ ለማሳየት ቸኩዬ ፍጥነቱን አበዛሁት። ርካሹ ሰርቨር ያን ሁሉ ጥያቄ አልቻለም፣ ሦስት ቀን ወደቀ። ሲነሣ ጋሽ ተስፋዬ ከላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ አየሁ፦ "ወገኖቼ፣ ሦስት ቀን በራችን ተዘግቶ ነበር። ጥፋቱ የኔ የሽማግሌው ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ነገር ነክቼ ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ።" ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ፊቴ ጋለ፤ በሃምቡርግ ሙቀት የተሰማኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የድርጅቱን የሕግ ባለሙያ ኡተ ይሏታል፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ማርቲን "ሰዎቹ አፍሪካ ናቸው፣ ገጹም ክፍት ነው፣ ምን ችግር አለው?" ሲላት "ሕጉ የሚያየው እኛ የት እንዳለን ነው። ክፍት ነው ማለት ሁሉ ተፈቅዷል ማለት አይደለም" አለችው። ጉንጯን ልስም ምንም አልቀረኝም። ግን ቀጠለች፦ "ስም፣ ስልክና ሰው የሚያስለይ ነገር ሁሉ ይውጣለት። ያኔ እፈርማለሁ።"

ስም እየለየ የሚያስወግደው ፕሮግራም የኛን ሰው አያውቅም። "ከድር ባቡሩ" ሲል ከድርን ያወጣና ባቡሩን ይተዋል። "ዘሀራ ፓስታ" የሚሏት ስትመጣ ፓስታዋ ምግብ ናት ብሎ ያልፋታል። ስለዚህ በእጅሽ አጽጂ ተባልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን አነበብኩ፤ እንደዚያ የተደሰትኩበትና እንደዚያ ያዘንኩበት ሳምንት በስደቴ የለም። ሰዎቹ ሲጽፉ ድምፃቸው ይሰማኛል። ጊሽጣ ሻጯ፣ የጋሪው ሰውዬ፣ ባሏን የምትፈልግና ካገኛችሁት ግን አትንገሩት የምትል። ዘሀራ እንዲህ ጽፋለች፦ "ወንድሜ ጀማል ወደ ጅቡቲ እንደወጣ ነው የቀረው። ግንባሩ ላይ ከብስክሌት የወደቀበት ምልክት አለ። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ያየ በዚህ ስልክ ይደውል፣ ወላሂ ሳልተኛ እጠብቃለሁ።" ስሙን አወጣሁ፣ ምልክቱን አወጣሁ፣ ስልኩን አወጣሁ። የቀረው ፈላጊም ተፈላጊም የሌለው ነው። ሕጋዊ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዘሀራ አንዳች የማይረባ።

ባደግኩበት ግቢ በር ላይ ያለው መጋረጃ ነው። የጎረቤት ወንፊት ቢያስፈልግሽ ቤቱ ባዶም ቢሆን ገብተሽ ትወስጃለሽ። ስትወጪ ግን ደጃፉ ላይ ቆመሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ "ፋጡማ፣ ወንፊትሽን ወስጃለሁ!" ማለት አለብሽ። ማንም ባይኖር ግድግዳው ይስማ ትላለች እናቴ። ሳይል የወጣ፣ ወንፊቱን ቢመልስ እንኳ፣ በኛ ግቢ ሌባ ነው። ከጽሑፉ ግማሽ ላይ ደርሼ ነበር፤ ማጽዳቱን አቆምኩና ለጋሽ ተስፋዬ ደወልኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ገጹን የጣልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የሰዉን ጽሑፍ እንደለቀምኩ፣ ለማን እንደሆነ። በስልኩ ውስጥ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኛል።

"እና ማሽኑ ይህን ሁሉ ካነበበ የዘሀራ ወንድም የት እንዳለ ያውቃል?" አለኝ።

"አያውቅም ጋሼ። ስሙን አውጥቼዋለሁ።"

"ምልክቱንስ?"

"እሱንም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሚያነብ?"

"አነጋገራችንን።"

"አነጋገርማ እኛ ጋ መጥቶ ቁጭ ቢል በነጻ እናስተምረው ነበር፣ አቦ!" አለና ደግሞ ቀዝቀዝ አለ። "ሀያት፣ እኔ እሺም እምቢም አልልሽም፤ የኔ አይደለማ። የጻፉትን አንድ በአንድ እየደወልኩ እጠይቃቸዋለሁ።"

"ጋሼ፣ እስከ አርብ ነው የሰጡኝ።"

"የትኛው አርብ?"

"የአሁኑ።"

"እሱማ አይደርስም" አለኝ፤ ባቡር እንዳመለጠው ሰው አድርጎ ነው የነገረኝ።

አርብ ማርቲን ፋይሉን ጠየቀኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ልብ በሉ፤ ብርድ ሲጀምር ጃኬት የሰጠኝ እሱ ነው። "ኡተ ትፈርማለች፤ ሕጋዊ ነው" አለኝ። ሕጋዊ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አልጠየቅናቸውም አልኩት። "ኢንተርኔት ላይ ማን ማንን ይጠይቃል?" አለ፤ እውነቱን ነው፣ ግራ ገብቶት ነው። የለቀምኩትን ማጥፋቴን ነገርኩት። ያችንም ማሽን የምትከለክል ትንሽ ፋይል ጋሽ ተስፋዬን አስፈቅጄ ገጹ ደጃፍ ላይ አኑሬያት ነበር፤ ድርጅታችን እሷን ካየ አልፎ አይገባም። ጀግንነት አይደለም። ማታውን ምነው ባልነካሁት ብዬ አልቅሻለሁ።

የሙከራ ጊዜዬን አላለፍኩም። ያችው ባለ መነጽር ሴትዮ ሌላ ሥራ የምፈልግበት ጊዜ ሰጥታኛለች፤ እስከዚያ ከአገር ብወጣ መመለሴ አያስተማምንም ብላኛለች። ፍራው ኢንገ ቀን ቀን ቤት መዋሌን አይታ "ሕመም ነው?" አለችኝ። ስደት ነው ልላት ፈልጌ ነበር፣ ጀርመንኛው አልመጣልኝም።

ጋሽ ተስፋዬ ግን ይደውላል። ነገሩ እንዳበቃ አልነገርኩትም፤ መንገር ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን በየሁለት ቀኑ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ሲጮህ ድሬ ነው የሚደውለው፣ እንዴት ብዬ ተው ልበለው። ከድር ባቡሩ እሺ ብሏል፣ "ባቡሩ የሚለው እንዳይወጣ፣ ያለሱ ማን ያውቀኛል" ብሎ። አንዷ ማሽኑ ሙስሊም ነው ክርስቲያን ብላ ጠይቃለች። ዘሀራ እምቢ ብላለች፤ ወንድሜን ካላመጣልኝ ምን ይሠራልኛል ብላ። እኔም ደብተር ገዝቼ እሺና እምቢውን እመዘግባለሁ፤ የሚቀበለኝ ሰው ሳይኖር።

ትናንት ሲደውል ድምፁ ተለይቶብኝ ነበር።

"ዛሬ እናትሽ ጋ ደረስኩ" አለኝ።

"እናቴ? እሷ ምን አገባት?"

"ጽፋለች እኮ። አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት መጥታ እሷ እየተናገረች እኔ ጻፍኩላት። አላየሽውም?"

አላየሁም። ያልደረስኩበት ግማሽ ውስጥ ነበር፤ ሳላነበው አጥፍቼዋለሁ።

"ምን ብላ ነው የጻፈችው ጋሼ? አንብብልኝ።"

"እሷ ሳትፈቅድ አላነብልሽም። ጠየቅኳት ደግሞ።"

"ምን አለች?"

"በስልክ አልመልስም፣ መጥታ ትጠይቀኝ አለች።"

ገጹ አሁንም ለሰው ክፍት ነው። ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ ብነካ የእናቴን ጽሑፍ አነበዋለሁ፣ ሕግም አይከለክለኝ፣ ማንም አያየኝ። እስካሁን አልከፈትኩትም።