ክንዱን ማን ያዘዋል

እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሻን ሆኜ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የዕቃ ክዳን እያነሳ ካርቶን ውስጥ የሚደረድር የሮቦት ክንድ ተገዛ። ክንዱን የሚያዘው ፕሮግራም፣ በዕብራይስጥ ቶኽና የምንለው፣ ገና አልተጻፈም ነበር። ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው ከክንዱ ጋር የመጣው የአምራቹ ነው፤ ቁልፍ ያለው የእጅ ማዘዣ ይዘው ክንዱን እየመሩ ቦታውን ያሳዩታል፣ እሱም ያስታውሰዋል። ሁለተኛው በተራ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከባዶ መጻፍ ነው። ሲን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ እወደዋለሁም።

አለቃዬ "ሁለቱንም ሞክሪና አንዱን ምረጪ" አለኝ።

በሲ ጀመርኩ። ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጠዋት ከምኖርበት ከባርኔአ ሰፈር አውቶቡስ ስሳፈር የትናንቱ ድካም ገና ከላዬ አልወረደም። የጻፍኩት ፈጣን ነበር። ግን ኮምፒውተሩ በድንገት ይደርቃል፣ ክንዱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያልደረቀ ቀን ደግሞ ክዳኑን ይሰነጥቃል። በቆመ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ።

ክዳኑን እስከዚያ በእጅ የሚደረድሩት ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ እንደኔ ከጎንደር በሱዳን በኩል የመጡ ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ክንዱ ሲቆም አጠገቤ መጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር የኛን ሥራ ሊወስድ ነው አይደል?"

መዋሸት አልቻልኩም። "መደርደሩን አዎ፣ እትዬ።"

"እሺ፣ እንዲህ በቆመ ቁጥር ሁልጊዜ አንቺ ልትመጪ ነው? ስትታመሚስ?" አሉኝ።

በማግስቱ የአምራቹን ማዘዣ አገናኝቼ እጃቸው ላይ አደረግሁት። ዕብራይስጥ አያነቡም፤ ቁልፎቹ ላይ ያለው ግን ቀስት ብቻ ነው። ክንዱን ቀስ አድርገው አወረዱት።

"ጠርዙን አትያዘው፣ ይሰነጠቃል! ወገቡን ያዘው እንጂ" ብለው በአማርኛ ተቆጡት፤ ጣቱንም ዝቅ አደረጉለት። ስድስት ሳምንት ያቃተኝ መሰንጠቅ ያን ቀን ቆመ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ድካሙ ብቻ ተሰማኝ፤ አንድ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የአምራቹን መረጥኩ። ማዘዣውንም እትዬ ይያዙት አልኩ።

"እሷ? ማንበብ አትችልም እኮ" አለ አለቃዬ።

"መጥተህ እያቸው።"

መጣ፣ ቆሞ አየ፣ ተስማማ። እትዬ የክንዱ ኃላፊ ሆኑ። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ወደ ጽዳት ተዛወሩ። አንዷ አፍሪዳር ሰፈር ገበያ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞርብኝ ጀመር። ላስረዳት አስቤ ነበር፤ ግን ምን እንደምላት አላወቅሁም፣ ደግሞም በጣም ደክሞኝ ነበር።