ያልተበላው የአሹራ ገንፎ

በጃንሆይ ጊዜ ሐረር የኖረ ሰው የአሹራን ገንፎ ያውቃል። ድሮ ረሃብ ገብቶ ጅቦች ሰው መብላት ሲጀምሩ፣ አንድ ወሊ፣ የእስላም ቅዱስ ሰው፣ ገንፎ አቅርበው ከሰው ጋር አስታረቋቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሐኪም በሚባለው ጋራ ላይ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ከበሉ ዓመቱ የሰላም ነው፤ አሽትተው ከሄዱ ግን አያድርስ ነው።

እኛ ክርስቲያኖች ነን። ግድግዳ የምንጋራቸው እስላም አሮጊት ግን ሁለተኛ እናቴ ነበሩ፤ ሴት ልጃቸው ደግሞ ነፍሴ፣ እንደ እህቴ ነበረች። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላን አንድ የጅጅጋ ነጋዴ ለጋብቻ ጠየቃት። እሷ ወዳዋለች፤ እናትየው አመነቱ።

«ወራባዎቹ ገንፎዬን ከበሉ ኢንሻአላህ ትሄዳለች» አሉ፤ ጅብን እንዲያ ነው የሚሉት። «ጅብ ካልበላልኝ ግን ልጄን አልሰጥም።»

እኔ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። ቅናት በሉት፣ ክፋት በሉት፣ ሁለቱም ነው። ገንፎውን እንድሸከም ሲሰጡኝ፣ ላዩ ላይ እንዳፈስበት የሰጡኝን ቅቤ ከአጥር ሥር ደፋሁት። ከልጃቸው ጋር ዳገቱን ስወጣም በልቤ «አይብሉት፣ አይብሉት» እያልኩ ነበር።

ሲመሻሽ መጡ። ኮቴያቸው አይሰማም። የሌሎቹን ቤቶች ገንፎ እየላሱ ሲበሉ፣ አንዲት ትልቅ ጅብ የእኛው ጋ ቆመች። አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከጎኔ ያለችውን ጓደኛዬን አይደለም፣ እኔን። ብዙ ቆየች። ዞራ ስትሄድ ሌሎቹም ገንፏችንን ሳይነኩ ተከተሏት። ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ነጋዴው ሌላ አገባ። ወራባ የናቃትን ሴት ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም።

ከሃያ ስንት ዓመት በኋላ አላስችል ቢለኝ ለአሮጊቷ ተናዘዝኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅቤውን ደፍቼብዎት ነው» አልኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ግራ ተጋቡ።

«ቅቤ? ወላሂ ልጄ፣ በዚያ ረሃብ ወሊው ቅቤ ከየት ያመጣሉ? ያኔ ጅቦቹ የበሉት ደረቁን ነው። ጅብ እኮ አጥንት ይበላል።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ሌላ ምን አደረግሽበት?»

«ምንም» አልኩ።

ልጃቸው ፀጉሯ ሸብቶ ከጓዳ ሻይ ይዛ ወጣች። «ተቀበይኝ እንጂ» አለችኝ እየሳቀች። ዳገቱ ላይ በልቤ ያልኩት «አይብሉት» ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ሻዩን መቀበል አቃተኝ።