የፍሬን ሽቦ የተወጠረበት ጊታር

አሶሳ ውስጥ የጊታር ክር ሲበጠስ ምርጫው ሁለት ነው፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መለመን፣ ወይም የሞተር ሳይክል የፍሬን ሽቦ ፈትቶ አንዷን ዘለላ መወጠር። የሠርግ ባንዳችን አለቃ መለመን አይወድም። ጣት ቢቆረጥ ይሻለዋል፤ በተለይ ጣቱ የእኔ ሲሆን።

የእኔ ሥራ የድምፅ ማጉያ ገመድ መጠቅለል ነበር። አንድ ቀን ጊታሩን ስነካካ ሰማኝና «ቅዳሜ ባምባሲ ሠርግ አለን። የሙሽሪትን መግቢያ ሳታቋርጪ ከቻልሽ መድረክ ትወጫለሽ። ካልቻልሽ ወደ ገመድሽ» አለኝ። እሺ ለማለት እንኳ አፍሬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጊታሩ አንገተ ረጅም ነው። ሽቦው ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ትክክለኛው ድምፅ ላይ እስኪደርስ እንደ ድንኳን ገመድ ይወጠራል። ከውጥረቱ ብዛት አንገቱ ጎብጦ ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀዋል። አንድ ዜማ ሳልጨርስ ጣቴ ደማ።

«ጋሼ፣ ክሩ ጠነከረብኝ።»

«ክሩ አይደለም የኔ እመቤት፣ ጣትሽ ነው የሰነፈው! ይህን አየሽ?» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። የጣቶቹ ጫፍ የግመል ጉልበት መስሏል። እንደ ዲፕሎማ ነው የሚያሳየው።

ሽቦውን የሰጠን ሞተር ጠጋኝ ደግሞ «ወላሂ እህቴ፣ ይሄ ሽቦ ሞተር ከነሰው ያቆማል፤ ያንቺን ጣት ነው የሚፈራው?» ብሎ ሳቀብኝ።

መልሱን ያገኘሁት ልብስ ሳሰጣ ነው። ረጅሙ የማስጫ ሽቦ ቀጥ እንዲል በሁለት እጅ መጎተት አለብኝ፤ አጭሩን ግን ትንሽ ጉተታ ይበቃዋል። በማግስቱ የጊታሩን ክሮች በሙሉ እኩል አላላሁ። አንገቱ ላይ ካሉት አግድም ብረቶች ከሁለተኛው ጀርባ፣ በክሮቹ ላይ እርሳስ አጋድሜ ከሞተር ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ አጥብቄ አሰርኩ። ክሩ አጠረ፣ ለሰለሰ፤ ድምፁ ግን ያው ሆነ።

አለቃው ሲያይ በሳቅ ፈነዳ። «ጊታር ነው የተማሪ ቦርሳ? ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሽውን እዚህ ልትጨርሺ ነው?»

ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩ። ስህተት ፍለጋ ጆሮውን አስጠጋ፤ አላገኘም።

«በእርሳስማ ማንም ይጫወታል» አለ። «ሰው ፊት አታዋርጂኝም፤ ቅዳሜ ራሴ እጫወታለሁ።» ክሮቹን መልሶ ወጠራቸው።

ቅዳሜ ዕለት ገመዱን ዘርግቼ ጥግ ተቀመጥኩ። እርሳሷን ፀጉሬ ውስጥ ሰክቻታለሁ፤ ጎማው እጄ ላይ ነው። አለቃው አራተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ፊቱ ተጨማደደ። የግመሉ ጉልበት ተሰንጥቆ ክሩ ደም ሆኗል። ውጭ የሙሽሮቹ መኪና ጥሩምባ ይሰማል።

ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ልጅት፣ ያቺ እርሳስ የት አለች?» አለኝ።

እርሳሷን ብሰጠው እሱ ይጫወት ነበር። አይሆንም ለማለት አፍ የለኝም። ስለዚህ ጊታሩን ከእጁ ተቀበልኩና ክሮቹን ማላላት ጀመርኩ። ሙሽሪት ስትገባ የምጫወተው እኔ ነበርኩ።

ማታ ገመዱን የጠቀለለው እሱ ነው። አጠቃለሉ ሰነፍ ነበር።